ወፍ ነገረችኝ
በደሴ ከተማ በአንድ የንባብ ምሽት የተደረገ ንግግር፣ ለኅትመት በጥቂቱ ተስተካክሎ የቀረበ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መንገዱን በያዘበት በዚህ ምሽት፣ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ስለ ግድያ የሚጽፍ ሰው ሲያወራ ለመስማት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ሕይወትና የሐሳቡ ምንጮች» የሚል ነው። ርእሱ ትንሽ ይሰፋብኛል። ከሕይወቴ ደህናው ክፍል ያለፈው በፍርድ ቤት አጥር ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጬ የሰው አቤቱታ ስጽፍ ስለሆነ፣ ስለ ደራሲ ሕይወት ብዙ የምለው የለኝም። ስለ ምንጩ ግን የምለው አለኝ፤ እሱን ሳወራ ሕይወቱም አብሮ መምጣቱ አይቀርም።

ሰዎች ሲያገኙኝ ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ይህን ሁሉ ገዳይ ከየት ታመጣዋለህ?» እያሉ ነው። አንድ ጊዜ ሸዋ በር አካባቢ ጸጉሬን የሚያስተካክለኝ ሰው ምላጩን አንገቴ ላይ እንደያዘ ይህንኑ ጠየቀኝና፣ በሕይወቴ ከሰጠሁት መልስ ሁሉ አጭሩን የሰጠሁት ያን ዕለት ነው። ገዳይ ማግኘት አይቸግርም። ቅናት፣ የተገፋ ወሰን፣ ያልተከፋፈለ የውርስ ቤት፣ ተበድሮ የተካደ ገንዘብ የሌለበት ከተማ የለም። የሚቸግረው ሌላ ነው፤ ዛሬ ላወራችሁ የምፈልገውም ስለዚያ ነው።

እዚህ ደሴ አንድ ሰው በድንገት ሲሞት የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የቅሬው ለፋፊ ይወጣል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ቡና ይፈላል። በአቦሉ ላይ የሟች ደግነት ይወራል። በቶናው ላይ ሟች ከማን ጋር ተኳርፎ እንደነበረ፣ ያን ዕለት የት እንዳመሸ፣ የማን በር በሌሊት ሲንሿጠጥ እንደተሰማ ይነሳል። በረካው ሲቀዳ ድምፅ ዝቅ ይልና አንድ ስም ይጠራል። ስሙ ልክ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ እንደታዘብሁት ግን ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። በማግሥቱ መርማሪ ፖሊስ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ እነዚያኑ ሰዎች አንድ በአንድ ሲጠይቃቸው አንዱ በጊዜ ተኝቶ ነበር፤ አንዷ ልጅ አሟት ስታባብል ነው ያደረችው፤ ሌላው ደግሞ ከሟች ጋር ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ትውውቅ አልነበረውም። በበረካው ላይ በተባለውና ፖሊስ ዘንድ በተሰጠው ቃል መካከል ያለው ክፍተት ነው የእኔ እርሻ፤ እስከ ዛሬ ያሳተምሁት ሁሉ የበቀለው እዚያ ነው።

ይህን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። የመጀመሪያውን ረቂቄን የጻፍሁት ገና ጎረምሳ ሳለሁ ሲሆን፣ ዋናው ሰውዬ ረጅም ካፖርት የሚለብስ፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ፣ ዘመድ አዝማድ የሌለው መርማሪ ነበር። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ አንድ ሳሎን ሰብስቦ ወዲያና ወዲህ ሲንጎራደድ ይቆይና ገዳዩን በጣቱ ያሳያል። ረቂቁን አማርኛ ላስተማሩኝ አንድ መምህር ሰጠኋቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመልሱልኝ፣ «ልጄ፣ አጻጻፍህ ደህና ነው። ግን ይህ መርማሪህ ሰፈሩ ሁሉ ቡና ላይ የጨረሰውን ነገር ለማወቅ 240 ገጽ ፈጀበት። ምነው ጎረቤት ቢጠይቅ?» አሉኝ። በጣም ከፋኝ። እንደ እውነቱ ከሆነ ለብዙ ወራት ሰላም አላልኋቸውም። መልሳቸው ውስጥ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ እንዳለ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ጎረቤቱን ቢጠይቀውስ ይነግረዋል ወይ? ከዚያ ወዲህ «ማን ገደለ?» የሚለው ብዙም አያስጨንቀኝም። አንባቢዬ ገዳዩን መጽሐፉ አጋማሽ ላይ ቢደርስበት ግድ የለኝም። ሌሊት የሚያባንነኝ «ማን ይመሰክራል? ለምንስ ይመሰክራል?» የሚለው ነው።

ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመታት ራፖር ጸሐፊ ነበርሁ። ወጣቶቹ ምናልባት አታውቁት ይሆናል፤ ያን ጊዜ በፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ በተርታ ተቀምጠን፣ ላስቲክ ወጥረን፣ የክስ ማመልከቻ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ አንዳንዴም የፍቅር ደብዳቤ እንጽፍ ነበር። ማሽኔ አሮጌ ኦሊቬቲ ነበረች። የአማርኛው ታይፕ ብዙውን ፊደል ሙሉ አድርጎ አይመታም፤ መሠረቱን ትመታና ቅጥሉን ለብቻው ትጨምርለታለህ። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሽን የራሱ አመል ነበረው። የአንዱ ማሽን ቅጥል ከፊደሉ ትከሻ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ የሌላው «ቀ» አንገቷ ተበልቷል፤ የእኔዋ «ሞ» ስትመታ ወረቀቱን ትበሳው ነበር። በሰው ላይ የተጻፈ ስም የለሽ ጥቆማ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሲደርስ፣ እኛ ከአጥሩ ሥር ያለነው ወረቀቱን አንድ ጊዜ አይተን በማን ማሽን እንደተመታ እናውቅ ነበር። ማን እንዳስመታው ግን ጠይቆን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ቢጠየቅም ማናችንም የምንናገር አይመስለኝም። ሁለተኛው መጽሐፌ ላይ ያለችው አንገተ ብል «ቀ» የመጣችው ከዚያ ነው።

ከዚያ በርጩማ ላይ የተማርሁትን በአንዲት እናት ታሪክ ላስረዳችሁ። የመጡት ከኩታበር በኩል ነው። የጤፍ ክምራቸው በሌሊት ተቃጥሎባቸው አቤቱታ ሊያስጽፉ ፈልገዋል። «ማን አቃጠለብዎ፣ እማማ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እሳት ነዋ» አሉኝ። የሚጠረጥሩት ሰው እንዳለ ጠየቅሁ፤ ማንንም አልጠረጥርም አሉ። ስለ ክምሩ ብዛት፣ ስለ ሟች ባላቸው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ምራታቸው ጠባይ አንድ ሰዓት ያህል አወሩኝና ማመልከቻው በአንድ ገጽ አለቀ፤ አነበብሁላቸው፤ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙ። ከዚያ ተነስተው ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ከመቀነታቸው ቋጠሮ ሳንቲሙን እየፈቱ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ እንዳዞሩ፣ «ልጁ እንኳ ሲሄድ ጫማ ነበረው፤ ሲመለስ ግን በባዶ እግሩ ነው» አሉ።

እጄ ማሽኑ ላይ ቀረ። «የማን ልጅ?» አልኋቸው።

«አብሽር ልጄ፤ እኔ ልጅ አላልሁም» ብለው ሂሳቤን መዳፌ ላይ ቆጥረው ሄዱ።

እኚያን እናት ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም፤ ጉዳያቸውም ምን ላይ እንደደረሰ አልሰማሁም። ያቺ ንግግራቸው ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ሰው ዋናውን ነገር የሚናገረው ለጥያቄ መልስ ሲሰጥ ሳይሆን ጥያቄው አልቆ ነጠላውን ሲያስተካክል መሆኑን ያሳዩኝ እርሳቸው ናቸው። ዛሬም አንድ ምዕራፍ ውስጥ ምስክር ስጽፍ መጀመሪያ የማስበው ይህ ሰው መቼ ነው ተነስቶ የሚሄደው ብዬ ነው፤ ወሬውን በሩ ላይ አስቀምጥለታለሁ።

የቀድሞ ሰዎች ይህን የሰው ጠባይ አሳምረው ያውቁት ነበር። ዘመናዊ ፖሊስ ሳይቋቋም በፊት ሰው ሲገደል ወይም ከብት ሲሰረቅ፣ አጥፊውም ሲጠፋ፣ አገሬው በአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር፤ አፈርሳታም ይሉታል። ነዋሪው በሙሉ ሜዳ ይወጣል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ማረሻ ይሰቀላል፤ አጥፊው ሳይገኝ ከቀረ ካሳውን አገሬው በጋራ ይከፍላል። እስቲ አስቡት፤ እኔ ከምጽፋቸው ታሪኮች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። በመኸር ጊዜ እህሉ እየረገፈ አንድ ቀበሌ ሕዝብ ሜዳ ላይ ተቀምጧል፤ ከመካከሉ ቢያንስ አሥር ሰው ነገሩን ያውቃል፤ የሚያውቀውም ወንድሙን፣ አማቹን ወይም የክርስትና ልጁን ነው። ዝም ቢል አዝመራው ይጠፋል፤ ቢናገር ደም ይቃባል። ለዚህ ጭንቀት የተገኘው መላ ወፍ ነው። የሚያውቅ ሰው የራሱንም የነጋሪውንም ስም ሳያወጣ «ወፍ ነገረችኝ» እያለ ነገሩን ይጥለዋል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ሰው መናገር እየፈለገ ተናጋሪ መሆን ሲፈራ ቋንቋው ራሱ መጠለያ ሠራለት ማለት ነው። የኩታበሯ እናት «እኔ ልጅ አላልሁም» ያሉኝ ከዚያው መጠለያ ሥር ሆነው ነው።

ከአውጫጭኙ ጎን ለጎን ሌባ ሻይ የሚባል ነገርም ነበር። ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መጠጥ ይሰጠውና፣ ወገቡ በመቀነት ታስሮ በአንድ ሰው ተይዞ፣ እየተንገዳገደ በየቤቱ ይዞራል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ብዙ ንጹሕ ሰው ያለ ጥፋቱ የከፈለበት ልማድ ነው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርተ ዓመታት እየተከለከለ መቅረቱም ደግ ሆነ። እኔን የሚገርመኝ ግን የልጁ ምርጫ ነው። አዋቂዎቹ ሁሉ የሚጠረጥሩት ሰው እያላቸው፣ ስሙን የሚጠራላቸው ነገ የማይጠየቅ አንድ የደነዘዘ ልጅ ፈለጉ። ሦስተኛውን መጽሐፌን የሚተርከው የአሥር ዓመት ልጅ የሆነው ለዚህ ነው። አንዳንድ ሐያሲዎች ልጁ ከዕድሜው በላይ ያስባል ብለው ተችተውኛል፤ ልክ ናቸው፣ አንዳንድ ቦታ ላይ አበዛሁት።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ ስለምወደው ነገር ላውራ፤ ስለ ሰዓት። ሌላ አገር ያለ የሙያ ባልደረባዬ አንድ ተጠርጣሪ በግድያው ሰዓት ሌላ ቦታ ነበርሁ እንዲል ለማድረግ ባቡርና የተሰበረ የእጅ ሰዓት ያስፈልገው ይሆናል። እኔ ግን አያስፈልገኝም፤ አገሬ ነገሩን አዘጋጅታልኛለች። የእኛ ሰዓት ከውጭው በስድስት ይለያል፤ የሆቴሉ ደረሰኝ 14:20 ብሎ ሲያትም አስተናጋጇ የምታስታውሰው ስምንት ሰዓት ከሃያን ነው። ይህ ግን ቀላሉ ነው፤ ማንም ይደርስበታል። ከባዱ ሌሊቱ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ ነው።

አንድ ጊዜ ችሎት ተቀምጬ ሳዳምጥ ሁለት ምስክሮች ተጋጩ። ሁለቱም ሴቶች ናቸው፤ በአንድ ግቢ የሚኖሩ፣ ቡና የሚጠራሩ፣ ልጅ የሚጠባበቁ ጎረቤታሞች። አንደኛዋ በቁርአን ምላ፣ ጩኸቱን የሰማሁት የጁምዓ ሌሊት ነው አለች። ሁለተኛዋ በመጽሐፍ ቅዱስ ምላ፣ ኸረ ሐሙስ ሌሊት ነው አለች። ጠበቃው ተነሳና ምስክሮቹ በቀን ስለሚለያዩ ቃላቸው እምነት አይጣልበትም ሲል ተከራከረ። ነገሩ ግን ያው አንድ ሌሊት ነበር። ለሙስሊሟ ቀኑ የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ፣ ሐሙስ ከመሸ በኋላ ያለው ጨለማ የጁምዓ ነው፤ ለጎረቤቷ ደግሞ ሐሙስ እስኪነጋ ድረስ ሐሙስ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሆነ ደግሞ የሆስፒታሉ መዝገብ በውጭው አቆጣጠር ዓርብ ይለዋል። አንድ ጨለማ፣ ሦስት ባለቤት። ዳኛው የወሎ ሰው ስለነበሩ ፈገግ ብለው «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ማለታችሁ ነው?» ሲሉ ሁለቱም «አዎ ጌታዬ» አሉ፤ ነገሩም ተፈታ። እኔ ግን ወደ ቤቴ የሄድሁት እየሮጥሁ ነው ማለት ይቻላል። ዳኛው የወሎ ሰው ባይሆኑስ ኖሮ? ከሴቶቹ አንዷ ልዩነቱን እያወቀች ዝም ብትልስ? አራተኛው መጽሐፌ በሙሉ ያረፈው በዚያች አንዲት አጥቢያ ላይ ነው።

ስለ ሬሳ እንዳወራ ትጠብቁ ይሆናል። የወንጀል ደራሲ ሬሳ ያውቃል ተብሎ ይታመናል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ባሳተምሁት መጽሐፍ ራሴን አዋርጄአለሁ። አስከሬኑ የተገኘው ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር፣ በበጋ ቀትር ላይ ነበር። እኔ የደሴ ልጅ ስለሆንሁ ቀዝቅዞ እንደ እንጨት የደረቀ አድርጌ ጻፍሁት፤ መርማሪውም ከዚያ ተነስቶ ግድያው የተፈጸመው ከሦስት ሰዓት በፊት ነው ብሎ ደመደመ። መጽሐፉ በወጣ በወሩ አንድ ሐኪም ስልክ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሬሳዎት ደሴ ሞቶ ኮምቦልቻ የተጣለ ነው እንዴ?» አለኝ። ከዚያ በትዕግሥት አስረዳኝ። የሞተ ሰው ገላ የሚቀዘቅዘው በሰዓት አንድ ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ነው፤ አካባቢው ሲሞቅ ይዘገያል። የጡንቻው መድረቅ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ በ12 ሰዓት ገደማ መላ አካሉን ይይዛል፤ ከአንድ ቀን በኋላ ደግሞ እየላላ ይሄዳል፤ ብርድ መድረቁንም መላላቱንም ያጓትተዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። 25 ኪሎ ሜትር ያህሉን የሐረጎ ጠመዝማዛ በሚኒባስ የወረደ ሰው ሁሉ ሹራቡን የት ላይ እንደሚያወልቅ ያውቃል። እኔ ለሕያዋኑ ሹራብ ሳስወልቅ ሟቹን ረሳሁት።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚስበኝ ቀብሩ ነው። በእኛ ዘንድ ሬሳ አያድርም፤ ሙስሊሙ በዚያው ቀን ቢቀብር ይመርጣል፤ ክርስቲያኑም ቢዘገይ እስከ ማግሥቱ ነው። ለብዙ ዓመታት ደግሞ የአሟሟት ምርመራ ሲያስፈልግ አስከሬን ይላክ የነበረው አዲስ አበባ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር ሄዶ 400 ኪሎ ሜትር መመለስ ማለት ነው። ድንኳኑ ተተክሎ፣ መቃብሩ ተቆፍሮ፣ እናት ደረቷን እየመታች፣ አንድ ወጣት ፖሊስ «አስከሬኑ መሄድ አለበት» ብሎ በሩ ላይ ሲቆም ይታያችሁ። ገዳዩ ከቀባሪው መካከል ሆኖ «ኸረ ሬሳ አታንገላቱ፣ ፈጣሪን ፍሩ!» ብሎ ቢጮህ ከለቀስተኛው ማን ይጠረጥረዋል? ከዚህ የበለጠ መሸሸጊያ ፈጥሬ ማምጣት አልችልም።

ኮምቦልቻን ካነሳሁ አይቀር፣ አንዳንድ ታሪክ ደሴ ላይ አልሆን ሲለኝ ወደዚያ አወርደዋለሁ። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡ፣ በባቲ በኩል የሚመጣውና የሚወርደው ተሳቢ መኪና አለ። አልጋ ቤቶቹ አዳሪያቸውን በስም ይመዘግባሉ እንጂ አያውቁትም። ደሴ ላይ ምስክሩ ብዙ ስለሚያውቅ ዝም ይላል፤ ኮምቦልቻ ላይ ያየው ሰው ጎህ ሲቀድ ሞተሩን አስነስቶ ይሄዳል። ዝምታቸው ስለሚለያይ አጻጻፉም ይለያያል፤ የኮምቦልቻው መጽሐፌ ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው።

ወጣት ጸሐፊዎች ሕግ ማንበብ ያስፈልጋል ወይ ሲሉኝ፣ አዎ እላለሁ፤ ለዕውቀቱ ብቻ ሳይሆን ለታሪኩ ሩጫም ይጠቅማል። በቁጥጥር ሥር የዋለ ሰው ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ መርማሪው ተጨማሪ ጊዜ ሲጠይቅ በአንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድለትም። ይህ ለደራሲ እንደ ከበሮ ምት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ላይ ደግሞ ሦስት ተከታታይ አንቀጾች አሉ። 539 ከባዱን የግፍ አገዳደል በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም በሞት ይቀጣል፤ 540 ተራውን ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ 541 ደግሞ ለምሳሌ በከባድ ቁጣ መነሳሳት የተፈጸመውን ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ይቀጣል። ሟቹ አንድ፣ ቢላዋውም አንድ ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ አንቀጾች ወደ አንዱ የሚወስደው፣ ቢላዋው ከቤት ታስቦበት በጉያ ተይዞ መጣ ወይስ ሲጣሉ ከሥጋ መክተፊያው ላይ ተነሳ የሚለው ሊሆን ይችላል። ያን ያየችው ደግሞ ጓዳ ሽንኩርት ትከትፍ የነበረች አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ቀጣሪዋ የገዳዩ እህት ናት። አያችሁ፣ ሕጉን አንብቤ አንብቤ ተመልሼ የመጣሁት እዚያው ምስክር ላይ ነው።

አሁን የማፍርበትን ነገር ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት መጽሐፌን በፌስታል ይዞ ወደ ሱቄ መጣ። ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ነው የምሠራው፤ ደንበኛ መስሎኝ «ስንት ገጽ ነው?» አልሁት። ገጽ 88ን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝና «ጋሼ፣ ይህ የእኛ በር ነው» አለኝ። በግልጽ ችሎት የሰማሁትን ጉዳይ ነበር የጻፍሁት። ስሙን ቀይሬአለሁ፤ ሰፈሩን ቀይሬአለሁ፤ የሟችን ሥራ ቀይሬአለሁ፤ ሰማያዊውን የቆርቆሮ በርና በላዩ በነጭ ቀለም የተጻፈውን «ውሻ አለ» ግን፣ ወድጄው ስለነበር፣ እንዳለ ተውሁት። እናቱ መጽሐፉን ሲያነቡላት በሩ ላይ ስትደርስ እንደተነሳች ነገረኝ። ችሎት ለሕዝብ ክፍት መሆኑን፣ መብትም እንዳለኝ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እግዜር ይስጠው፣ ደፍሬ አልተናገርሁትም። በሁለተኛው ኅትመት በሩን አውጥቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ከችሎት የምወስደው የንግግርን ለዛ ብቻ ነው፤ ሰው ሲዋሽ እንዴት እንደሚያስል፣ ሲያምን እጁን የት እንደሚያደርግ። ዕቃውንና ነገሩን ለባለቤቱ እተዋለሁ።

የዕለት ውሎዬን ለሚጠይቁኝ፣ የሚገርም ነገር የለውም። ከሱብሂ አዛን ጋር እነሳለሁ፤ ጉሙ ሳይገፈፍ እስከ ሁለት ሰዓት በእስክሪብቶ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ሱቄን እከፍታለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሥራ ካልበዛብኝ፣ ችሎት ገብቼ ኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። በመጽሐፍ ገቢ ኖሬ አላውቅም። ከሁሉ የማልረሳው ግን አንድ ማተሚያ ቤት ያደረሰብኝን ነው። ሦስተኛውን መጽሐፌን ሲጠርዙ ከተወሰኑት ቅጂዎች ውስጥ አንድ ሙሉ 16 ገጽ ሳይገባ ቀረ፤ ያው የገዳዩ ስም የሚወጣበት ምዕራፍ ነው። አዟሪዎቹ ሸጠው ከጨረሱ በኋላ ነው የደረስሁበት። ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቼ፣ በየመንገዱ ሰው እንዳይሰድበኝ አንገቴን ደፍቼ ከረምሁ። መጽሐፉን ይዞ የመጣው ግን ሁለት ሰው ብቻ ነው። አንዱን ሌላ አንባቢ በኋላ አግኝቼ «የጎደለ ገጽ አላስቸገረህም?» ስለው፣ «ሆን ብለህ የተውኸው መስሎኝ ነበር፤ ማን እንደሆነ እኮ ይታወቃል» አለኝ። የአማርኛ መምህሬን ያስታወስሁት ያን ጊዜ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ደብተሮቼን በጆንያ ጠቅልዬ ቆጥ ላይ ሰቅዬ ወጣሁ። ስመለስ ሦስቱ አልነበሩም። ለደብተር የሚታዘንበት ጊዜ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ከአንድ ዓመት በላይ አንድም ገጽ መጻፍ አልቻልሁም፤ ያን ያህል ሰው ባለቀበት አገር አንድ የፈጠራ ሟች አስቀምጦ ማን ገደለው ብሎ መጠየቅ ቀልድ መሰለኝ። የመለሰኝ ለቅሶ መድረስ ነው። በየሄድሁበት ቤት ሰዉ የሚጠይቀው አንድ ዓይነት ጥያቄ ነበር፤ አብሮት ማን ነበር? መጨረሻ ላይ ምን አለ? ውኃ የሰጠው ነበር? በብዙ ሺሕ መካከል እያንዳንዱ ቤት የራሱን አንድ ምስክር ይፈልግ ነበር።

ለመጨረስ፣ አሁን ስለምጽፈው ጥቂት ልበል፤ ጥያቄ መኖሩ አይቀርምና አስቀድሜ ብመልሰው ይሻላል። በወሎ ደም የተቃቡ ወገኖችን የሚያስታርቅ አባጋር የሚባል የቆየ ሥርዓት አለን። ሙስሊምና ክርስቲያን ሽማግሌዎች አብረው ተቀምጠው ደም ያደርቃሉ። ዕርቁ የመንግሥትን ክስ አያስቀረውም፤ ቅጣት ለማቅለል ሊነሳ ይችላል እንጂ ዓቃቤ ሕግ ሥራውን ይቀጥላል። አዲሱ መጽሐፌ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተያዘች አንዲት ሴት ታሪክ ነው። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ጨርሰውታል፤ ካሳው ተከፍሏል፤ ሁለቱ ቤተሰቦች ከአንድ ማዕድ በልተዋል። ከሳምንት በኋላ ግን የፍርድ ቤት መጥሪያ ደረሳት። እውነቱን ብትናገር ዕርቁን ታፈርሳለች፤ ብትተወው የማለችበት አለባት።

ስምንት ወር ሆነኝ፤ ከምስክር መቆሚያው ላይ አልወርድ ብላኛለች። ስሟን ተናግራለች፤ ዕድሜዋንና አድራሻዋን ተናግራለች፤ እጇን ዘርግታ ምላለች። ዳኛው «ያን ሌሊት ምን አየሽ?» ብለው ጠይቀዋታል። ነጠላዋን እያስተካከለች ነው። ሰኞ ጠዋት ችሎት ገብቼ ኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።